ተክሉ አንድ፣ ውስጡ ሌላ

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ነዋሪ ስሆን የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የሰባት ዓመት የእህቴ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት። በውጭ አገር ለዚህ በሽታ ከካናቢስ የተሠራ መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰምተናል፤ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ «ተክሉ ያው ነው» እያሉ ቅጠሉን አፍልተን እንድናጠጣት ይመክሩናል። እውነት ያው ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላት። ጎረቤትዎ የመከሩትን ግን እባክዎን አያድርጉት።

የበሶብላ ቅጠል በጣትዎ ሲያሹ ሽታው የሚወጣው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን እጢዎች ነው። ካናቢስም በተለይ በሴቴ አበባው ላይ ተመሳሳይ እጢዎች አሉት። በእነዚህ ውስጥ ሲቢጂኤ የተባለ አሲድ ይሠራል፤ ይህንኑ አሲድ አንዱ ኢንዛይም የቲኤችሲ፣ ሌላው የሲቢዲ ምንጭ ወደሆነው አሲድ ይለውጠዋል። ቲኤችሲ ያሰክራል፤ ሲቢዲ አያሰክርም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የማዳቀል ጥናት እንዳሳየው፣ ቲኤችሲ የሚያይልበት ተክል ሲቢዲ ከሚያይልበት ጋር ሲዳቀል ልጆቹ ሁሉ ሁለቱንም ይይዛሉ፤ እነዚህ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲዳቀሉ ደግሞ ሩብ ያህሉ ወደ አንዱ አያት፣ ሩብ ያህሉ ወደ ሌላው ሲመለሱ ግማሾቹ ቅይጥ ሆነው ይቀራሉ። ለተማሪዎችዎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት የሜንዴል የዘር ውርስ ንጽጽር፣ 1፡2፡1፣ ይኸው ነው። ከአንድ እናት ዘር የበቀሉት እነዚህ ተክሎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የትኛው የትኛውን እንደያዘ ዓይን አይለይም። አዳቃዮች የሚለዩት በላቦራቶሪ ነው፤ የአበባውን ብናኝ ነፋስ ስለሚያዳርሰውም የመረጡትን ሴቴ ተክል የሚያባዙት በዘር ሳይሆን ቅርንጫፉን ቆርጦ በመትከል ነው።

በዘፈቀደ የበቀለው ቅጠል ግን ይህ ሁሉ አልተደረገለትም። የሚያፈሉት ሲቢዲ ይሁን፣ በማደግ ላይ ያለን አንጎል የሚጎዳው ቲኤችሲ፣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። በአገራችን ተክሉን ማምረትም ሆነ መጠቀም በሕግ የተከለከለ መሆኑም ሳይዘነጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የተፈቀደው ኤፒዲዮሌክስ የተባለው መድኃኒት የተጣራ ሲቢዲ ነው። በመጀመሪያ የተፈቀደውም ሌኖክስ ጋስቶ እና ድራቬት ለተባሉ ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ሲሆን፣ መጠኑ በልጁ ኪሎ ይሰላል። ቫልፕሮት ከተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። ልጅቷ አሁን የምትወስደውን መድኃኒት በድንገት እንዳታቋርጥ አደራ፤ ማቋረጡ ራሱ የከፋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል። የሚጥላት በምን ሰዓትና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ እየመዘገባችሁ ለነርቭ ሐኪም አሳዩላት።