ጣራችን ወደ ሰሜን ነው፣ ሶላር ይሆነናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ደብረ ማርቆስ ነው የምንኖረው፣ መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሰለቸንና ባለቤቴ ባለ 200 ዋት ሶላር እንግዛ አለ። ሻጩ ምጣዱንም ፍሪጁንም ያሠራል ይላል፣ ጎረቤት ደሞ ሶላር የቆላ ነው፣ ማርቆስ ብርድ ነው፣ ቆርቆሯችሁም ወደ ሰሜን ነው የተዘቀዘቀው አይሆንም ብሎ ግራ አጋባን። በምዕራብ በኩል ባህር ዛፍም አለ። የቱን እንመን?

መልስ፦ እህታችን፣ ብርዱ እንደውም ይጠቅማችኋል። ፓኔል የሚፈልገው ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም፣ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ማርቆስ ደግሞ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ናት። ብቻ ቆርቆሮው ላይ አጣብቃችሁ እንዳታስሩት፣ ከሥሩ ንፋስ ይለፍ።

የሰሜኑ ነገር ላይ ጎረቤታችሁ ግማሽ ልክ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ትንሽ ታጣላችሁ፣ ግን በጋ ላይ እኮ ፀሐዩ ይተርፋል፣ የሚቸግረው ክረምቱ ነው፣ ከሚያዝያ 10 አካባቢ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ስለሆነች ጣራችሁ በሚቸግራችሁ ጊዜ ወደሷ ዞሮላችኋል ማለት ነው። ቆርቆሮው በጣም የተዘቀዘቀ ካልሆነ ብረት አስበይዶ ወደ ደቡብ ለማዞር ብር አታውጡ።

የ13 ወር ፀጋ የሚባለውን ለቱሪስት ተዉትና ሒሳቡን በነሐሴ ሥሩት። በክረምት በቀን የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያዙ፣ 200 ሲባዛ በ4፣ 800 ነው፣ ሩቡ በሽቦ በባትሪ በምናምን ይጠፋል፣ 600 ዋት ሰዓት ቀረ። አራት ባለ 7 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ 140፣ ባለ 50 ዋት ቲቪ 4 ሰዓት 200፣ ስልኮቹ 40፣ ድምሩ 380፣ በደንብ ይበቃል። ፍሪጅ ግን ብቻውን በቀን 1000 አካባቢ ሊበላ ይችላል። ምጣድ ደሞ ከ3000 ዋት በላይ ነው የሚስበው፣ አንድ ሰዓት ለመጋገር የአምስት ቀን ፀሐይ ማጠራቀም ሊኖርባችሁ ነው፣ እሱም ማጠራቀሚያው ከተገኘ! ሻጩን እስቲ ምጣድ ያሠራል ያልከውን ደረሰኙ ላይ ጻፍልን በሉት።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ባትሪ ላይ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሲባል 1200 ዋት ሰዓት ነው፣ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ፣ በየማታው ሙልጭ ካደረጋችሁት ቶሎ ይሞታል። ሊቲየም ውድ ነው ግን ይህን ይችላል።

ባህር ዛፉ በምዕራብ መሆኑ ደግ ነው፣ የኛ አገር ክረምት ጠዋት ገለጥ ብሎ የሚውልበትና ከሰዓት የሚደፈንበት ቀን ይበዛል። ግን ጥላው ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ፓኔሉን የሚነካ ከሆነ ቦታ ቀይሩለት፣ ሴሎቹ ተያይዘው ስለሚሠሩ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ ጥላ የሌላውንም ጉልበት ይዞ ይወርዳል።