ያለ ክፍያ ፈቃድ «በራሴ ጥያቄ ወሰድኩ» ብዬ ፈርሜያለሁ፤ አሁን ደግሞ ተቀንሰሻል ተባልኩ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ለሰባት ዓመት በእንግዳ ተቀባይነት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 6,000 ብር ነው። ኮሮና የገባ ሰሞን መጀመሪያ የዓመት ፈቃዳችሁን ጨርሱ ተባልን። ከግንቦት 2012 ጀምሮ ደግሞ «በራሴ ጥያቄ ያለ ክፍያ ፈቃድ ወስጃለሁ» የሚል ወረቀት አስፈርመው ቤት አስቀመጡን። ጥቅምት 2013 ላይ ከ42 ሠራተኞች ለ12ታችን ደብዳቤ ሰጡን። «በወረርሽኙ ምክንያት ሥራ ስለቀዘቀዘ ከዛሬ ጀምሮ ውልዎ ተቋርጧል» ይላል። የአንድ ወር ደመወዝ እንሰጥሻለን፣ «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብለሽ ፈርሚ እያሉኝ ነው። በእኔ ቦታ በትንሽ ደመወዝ ሌላ ሰው እንደቀጠሩም ሰምቻለሁ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ ያችን «ምንም ጥያቄ የለኝም» የምትል ወረቀት ለጊዜው አይፈርሙ። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግዎት ይገባኛል። ግን የቀረበልዎትና የሚገባዎት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስሌቱን ወረድ ብለን እናየዋለን።

የዓመት ፈቃዱን ጉዳይ ቶሎ ልለፈው። የፈቃድ ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው ነው። በተቻለ መጠን የሠራተኛውን ፍላጎት ማየት አለበት እንጂ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ወቅት ፈቃድ ውጡ ማለቱ ብቻውን ሕገወጥ አይደለም። ዋናው ነገር የዓመት ፈቃድ ከነደመወዙ መሆኑ ነው። በሰባት ዓመት አገልግሎት የሚያገኙት 19 የሥራ ቀን ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16፣ ከዚያ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ያ ተከፍሎዎት ከሆነ እዚያ ላይ ብዙ አንከራከርም። ያልወሰዱት ቀሪ ካለ ግን ውሉ ሲቋረጥ በገንዘብ ይከፈልዎታል።

ትልቁ ነገር ያለው ግንቦት ላይ የፈረሙት ወረቀት ውስጥ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሳይቋረጥ ለጊዜው «የሚታገድበትን» ምክንያት በአንቀጽ 18 ይዘረዝራል። ውሉ ሲታገድ ሠራተኛው አይሠራም፣ አሠሪውም ደመወዝ አይከፍልም፤ ውሉ ግን በሕይወት አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኛው ራሱ ጠይቆ ያለ ክፍያ ፈቃድ ሲወጣ ነው። ሌላው ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ ድንገተኛ የገንዘብ ችግር ድርጅቱ ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ሥራ ሲያቆም ነው።

ልዩነቱን አስተውሉልኝ። ሥራ ያቆመው ድርጅቱ ከሆነ፣ ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ (ያኔ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ይባል ለነበረው) በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ቢሮው በቂ ምክንያት መኖር አለመኖሩን አይቶ ይወስናል። እግዱን ቢፈቅድ እንኳ ከ90 ቀን አያልፍም። ቀኑ ሲያልቅ ሠራተኛው በማግስቱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ድርጅቱ መልሶ መነሣት የማይችል መሆኑ ከታመነበት ደግሞ ሠራተኛው የሥራ ስንብት ክፍያና የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ያገኛል። «እኔ ነኝ የጠየቅኩት» ብላችሁ ስትፈርሙ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ቢሮ መሄድ የለ፣ 90 ቀን የለ፣ የሚጠይቅ ሰው የለ። ወረቀቱ ለዚያ ነው የተዘጋጀው።

በዚያን ወቅት ደግሞ በር ዘግቶ ሠራተኛ ማሰናበት ቀላል አልነበረም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012ን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ቁጥር 466/2012፣ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ካወጣው ፕሮቶኮል ውጭ ሠራተኛ መቀነስና የሥራ ውል ማቋረጥን ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ድርጅቶች «አላባረርንም፣ ራሳቸው ፈቃድ ጠይቀው ነው» የምትል ዘዴ አገኙ። አሠሪዎችን ሁሉ መውቀሴ አይደለም። ሆቴሎች እንግዳ አጥተው ጨለማ ውስጥ የነበሩበት ጊዜ ነው፣ ችግሩ እውነት ነው። ሕጉም ለዚያ መንገድ አበጅቶላቸዋል። ያንን መንገድ ትቶ ችግሩን በሠራተኛ ፊርማ መሸፈን ነው የማይዋጥልኝ።

ታዲያ ስለፈረሙ ጉዳዩ አለቀለት ማለት ነው? አይደለም። ወረቀቱ በእናንተ ፍላጎት የተጻፈ አለመሆኑን ማስረዳት ይቻላል። የአሥራ ሁለት ሰው ማመልከቻ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ቃል፣ በአንድ ፕሪንተር ታትሞ፣ ስም የሚሞላበት ቦታ ብቻ ክፍት ሆኖ ከተገኘ፣ ዳኛው ራሱ ያነበዋል። በቴሌግራም ግሩፕ «ነገ ጠዋት መጥታችሁ ፈርሙ» የሚል መልእክት ከነበረ ስክሪንሾት አድርገው ያስቀምጡ። አብረው የፈረሙ ባልደረቦችዎም ምስክር ይሆናሉ። እንግዳ የሌለበት ሆቴል ውስጥ የደመወዝ ጥገኛ የሆነ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ያለ ክፍያ ፈቃድ ናፈቀው ማለት ለሰሚም ግራ ነው።

ይህን ካስረዱ አንቀጽ 54 ይረዳዎታል። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ እርሱ ባላመጣው ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል። በሕጉ መሠረት ያልተፈቀደ እግድ ከሆነ ከግንቦት ጀምሮ ያለውን ደመወዝ መጠየቅ ይችላሉ። እዚህ ላይ ግን ጊዜ ይነክሳል። የደመወዝ ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ይገባው ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ይቋረጣል። የግንቦት ደመወዝ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይከፈል ነበር፤ ስለዚህ ኅዳር መጨረሻ ላይ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይዘጋል። የሰኔው በታኅሣሥ፣ የሐምሌው በጥር። ዝም ባሉ ቁጥር በየወሩ አንድ ደመወዝ ይወድቃል። «እያናገርኳቸው ነው» ማለት ይርጋውን አያቆመውም። ክስ መመሥረት፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ያቆመዋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ። የሥራ መጠን ወይም ትርፍ መቀነስ ሠራተኛ ለመቀነስ ሕጋዊ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ግን ሥርዓት አለው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው ሲቀንስ «የሠራተኞች ቅነሳ» ነው፤ እናንተ 12 ናችሁ። እንዲህ ሲሆን አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካይ ጋር መመካከር አለበት። በሥራው ላይ የሚቆዩት ቅድሚያ የተሻለ ችሎታና ከፍ ያለ የሥራ ውጤት ያላቸው ናቸው። በዚያ እኩል ከሆኑ አነስተኛ አገልግሎት ያለውና ጥገኛ ያነሰው ቀድሞ ይወጣል፤ በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበትና ነፍሰ ጡር በመጨረሻ ናቸው። ከእርስዎ ኋላ የመጣች፣ ልጅ የሌላት ባልደረባዎ በዚያው ሥራ ቀርታ እርስዎ ከወጡ፣ አሠሪው ለምን እንደሆነ ያስረዳ።

አዲስ ቅጥሩ እውነት ከሆነ ደግሞ ሥራው አልቀነሰም ማለት ነው። የቀነሰው ደመወዙ ነው። ይህ ጉዳይዎን በጣም ያጠናክረዋል። «ሰምቻለሁ» ግን ችሎት ላይ ብዙ አያስኬድም። የወጣ የቅጥር ማስታወቂያ፣ የአዲሷ ሠራተኛ ስም፣ የጀመረችበት ቀን ይፈለግ።

«ከዛሬ ጀምሮ» የሚለው ሐረግም ችግር አለበት። በቅነሳ ለሚሰናበት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። አልሰጡም ከሆነ ደመወዙን ይከፍላሉ። ውሉ ታግዶ ባለበት ጊዜ ማስጠንቀቂያ መስጠትም አይፈቀድም።

አሁን ሒሳቡ። ለቀላልነት የቀን ደመወዝዎን 200 ብር እንበለው። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለትም 6,000 ብር ነው። ለቀሪው 6 ዓመት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ 2,000 ብር እየተጨመረ 12,000 ይሆናል። ድምሩ 18,000። በቅነሳ ስለሆነ ተጨማሪ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሌላ 12,000። ቅነሳው ፍጹም ሕጋዊ ቢሆን እንኳ 42,000 ብር ነው፤ የቀረበልዎት 6,000 ነው። «ጡረታ ስለተቆጠረልሽ ስንብት የለሽም» ቢሉዎት አይመኑ፤ በቅነሳ ለወጣ ሰው ያ ሰበብ አይሠራም። ስንብቱ የሚሰላው በመጨረሻው የሥራ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ስለሆነ፣ ደመወዝ ሳያገኙ ስለቆዩ ያ ደመወዝ ዜሮ ነው ብለው ሊሞክሩም ይችላሉ፤ እኔ ብሆን መነሻው ሥራ ላይ ሳሉ የነበረው ደመወዝ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ፍርድ ቤቱ ስንብቱ ሕገወጥ ነው ካለ፣ ወደ ሥራ ይመልስዎታል ወይም ካሳ ይወስናል። ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ፣ በእርስዎ 36,000 ብር፣ ከማስጠንቀቂያው 12,000 እና ከስንብቱ 18,000 ጋር 66,000 ብር ይደርሳል። ወደ ሥራ ቢመለሱ ደግሞ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንልዎት ይችላል።

የትኛውን ይጠይቁ? ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ የሚቀርበው ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ብቻ ነው። የክፍያ ጥያቄው 6 ወር አለው። እኔ ብጠየቅ፣ ሌላ ሥራ በማይገኝበት በዚህ ወቅት መመለስን ቀዳሚ፣ ካሳን አማራጭ አድርጌ በሦስት ወሩ ውስጥ እከስ ነበር። እንዲያውም ኅዳር ሳያልቅ፣ የግንቦቷን ደመወዝ ለማዳን። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ክሱ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። አሥራ ሁለታችሁም በጋራ የቅነሳውን አካሄድ የምትቃወሙ ከሆነ የወል ክርክር ሆኖ ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ስለሚችል፣ ከመክሰሳችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ ጋ ቁጭ ብላችሁ አካሄዱን ለዩ።

ያቺን ወረቀት ፈርመው ቢሆን ኖሮስ? አዋጁ በስምምነት ውል ሲቋረጥ እንኳ ሠራተኛው ሕግ የሰጠውን መብት መተዉ ውጤት የለውም ይላል። ስለዚህ ከባልደረቦችዎ ፈርሞ ገንዘቡን የወሰደ ካለ ተስፋ አይቁረጥ። ብቻ ያልፈረመ ሰው ክርክሩ ይቀልለታል። ገንዘቡን መቀበል ካለብዎት ደረሰኙ ላይ በእጅዎ «ቀሪ መብቴን ጠብቄ 6,000 ብር ተቀብያለሁ» ብለው ይጻፉና ፎቶ ያንሡት። አይሆንም ካሉ ይተዉት። ውሉ ከተቋረጠ በኋላ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ የሚገባዎትን የመክፈል ግዴታ አለባቸው፤ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስከፍላቸው ይችላል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም «ፈርሚና ውሰጂ» ሊሉዎት ይችላሉ፣ የተለመደ ነው። ያ ደብዳቤ ያለ ክፍያና ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ነው። ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው አንዱ ላይ የተቀበለበትን ቀንና ፊርማ ያስደርጉ። ጠበቃ ጋ ሲሄዱ ያቺን የተፈረመባትን ኮፒ፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የቅጥር ውልዎን፣ ደመወዝ የገባበትን የባንክ ስቴትመንትና የቴሌግራሙን ስክሪንሾት ይዘው ይሂዱ።