መልስ፦ ቨርጂኒያ ላይ አጋዘን ለማደን

ወንድሜ፣ «ግሪን ካርድ አለኝ፣ ጠመንጃም ገዝቻለሁ፣ ዘንድሮ ቨርጂኒያ ላይ አጋዘን ማደን እችላለሁ ወይ?» ላልከው፣ ትችላለህ። ግን ጠመንጃው ብቻ አይበቃም።

ፈቃድ አውጥተህ የማታውቅ ከሆነ መጀመሪያ የአዳኞች ትምህርት ጨርስ። ከዚያ ሁለት ፈቃድ ትገዛለህ፤ መደበኛውን የአደን ፈቃድ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የአጋዘንና ተርኪ (የዱር ዶሮ መሰል ወፍ) የሚባለውን። በአንዱ ብቻ ጫካ እንዳትገባ!

ወቅቱ የሚከፈለው በመሣሪያ ነው። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ በቀስት ይጀመራል፣ ኖቬምበር ሲገባ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርሰው ጠመንጃ ይቀጥላል፣ ያንተ ዓይነቱ ተራው የሚደርሰው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው። ካሊበሩን (የጥይቱን ውፍረት በኢንች) እየው። .22 ከሆነ ለአጋዘን አይሆንም፣ ሕጉ የሚፈቅደው ከ.23 ጀምሮ ነው። ደግሞ ራይፍል (ነጠላ ጥይት የሚተኩሰውን ጠመንጃ) ጭራሽ የማይፈቅዱ፣ ሾትገን (ብትን እርሳስ የሚተኩሰውን) ብቻ የሚሉ ካውንቲዎች (ወረዳዎች) ስላሉ የምትሄድበትን ካውንቲ ደንብ ሳታነብ ከቤት አትውጣ።

በጠመንጃው ወቅት ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው፤ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ኮፍያ ይበቃል። ይቺን አደራ። አንድ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ቆሜ ከዛፎቹ መሃል ቡናማ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ሰው መሆኑን ያወቅኩት በኮፍያው ብቻ ነው። እስካሁን ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

የሰው መሬት ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅድ። ከጣልከው በኋላም አጋዘኑን ከቦታው ሳታንቀሳቅሰው ከአጋዘን ፈቃድህ ጋር የሚመጣው ታግ (መለያ) ላይ ምልክት አድርግ፣ ከዚያ አጋዘኑን በስልክህ አስመዝግበው።