ጥሩ ሰው ከሆንኩ ጸጋ ለምን ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም፣ ለቸገረውም እሰጣለሁ። «በጸጋ ትድናለህ»፣ ማለትም በእግዚአብሔር ነጻ ስጦታ፣ ሲሉኝ ታዲያ ከምንድን ነው የምድነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ራስህን ከነፍሰ ገዳይ ጋር ካስተያየኸውማ ንጹህ ነህ። ጳውሎስ ግን በሮሜ 3፥23 ሁሉም ኃጢአት ሠርተዋል ነው የሚለው። እስቲ ይቅር ያላልከውን ሰው አስብ፤ ስሙ ሲነሳ ሆድህ ውስጥ የሚቋጠረውን ነገር። እሱን በምጽዋት ልታጥበው ትችላለህ? እኔ ሞክሬ አልቻልኩም። በሉቃስ 18 ኢየሱስ በተናገረው ምሳሌ ሕግ አጥባቂው ፈሪሳዊ ሲጸልይ ጾሙንና አሥራቱን ቆጠረ፤ ቀራጩ፣ ግብር ሰብሳቢው፣ ግን ዓይኑን እንኳ ቀና ሳያደርግ ደረቱን እየደቃ «ማረኝ» አለ፣ ጸድቆ ወደ ቤቱ የተመለሰውም እሱ ነው። በጎ ሥራህ ይጣል ማለቴ አይደለም፤ ኤፌሶን 2፥8-10ን አንብበው፣ ሥራ የሚመጣው እንደ ፍሬ እንጂ እንደ ክፍያ አይደለም። ዛሬ ማታ ያቺን የቀራጩን አጭር ጸሎት ጸልያት።