የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲጋራ ላይ የሚሰካው ፊልተር ምኑን ያስቀራል?

ጥያቄ፦ ሲጋራ ጫፍ ላይ የሚሰካ ትንሽ የፕላስቲክ ፊልተር ከውጭ መጥቶልኝ እየተጠቀምኩበት ነው። ጥቂት ሲጋራ እንዳጨስኩ ውስጡ ቡናማ ዝቃጭ ይሞላል። ያ ሁሉ ሳንባዬ ሳይገባ ቀረ ማለት ነው? ታዲያ በጦሳ በኩል ያለውን ዳገት ስወጣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ለምን አልተሻለኝም? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ የሚያዩት ዝቃጭ ታር የሚባለው የሚያጣብቅ የጭስ ቅሪት ነው፤ እዚያ የቀረው በእርግጥም ቀርቷል። ነገር ግን የሲጋራ ጭስ ሁለት ነገር ነው፤ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ጠብታዎችና ጋዝ። ፊልተሩ የሚይዘው ከጠብታዎቹ የተወሰኑትን ብቻ ነው። ውስጡ ከአንድ ሚሊ ሜትር የጠበበ ቀዳዳ አለ። ጭሱ እዚያ ሲደርስ ይጠብበትና ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ቀዳዳውን እንዳለፈም ፊት ለፊቱ ግድግዳ ያገኛል። ጋዙ ታጥፎ ሲያልፍ ጠብታዎቹ ክብደት ስላላቸው መታጠፍ ያቅታቸዋል፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ይጠራቀማሉ። አንድ ጊዜ ስበው ጭሱን ወደ ውስጥ ሳያስገቡ በነጭ ሶፍት ላይ እፍ ቢሉት፣ በፊልተሩ በኩል ያለፈው ጭስም ቡናማ ምልክት ይተዋል። ያልተያዘው ታር እሱ ነው።

የትንፋሹ ነገር ከጋዙ ጋር ይያያዛል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ፊልተሩን ያለምንም ችግር ያልፈዋል። ደም ውስጥ ሲገባም ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ራሱ ኦክስጅን ያንሰዋል። ስለዚህ እዚያ ዳገት የሚወጣ አጫሽ በሁለት በኩል ይጎድልበታል። የሚያጽናናው ግን ይህ ጋዝ ቶሎ የሚወጣ መሆኑ ነው፤ ካላጨሱ በአራትና በአምስት ሰዓት ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሳል ካለብዎትና ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሲጋራው ነው ብለው አይተዉት፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ።

ሌላም ነገር አለ። ኒኮቲን የሚመጣው ከጠብታዎቹ ጋር ስለሆነ ፊልተሩ እሱንም ይቀንሳል። ሰውነትዎ ግን የለመደውን መጠን መጠየቁን አይተውም። ሳያስቡት ጠለቅ አድርገው ይስባሉ፣ ጭሱን ውስጥ ያቆዩታል፣ አንድ ሲጋራ ይጨምራሉ። በበርጫ ላይ ደግሞ ሲጋራው በላይ በላዩ ስለሚለኮስ ይህ ይብሳል። ፊልተሩን ከመጀመርዎ በፊትና ከጀመሩ በኋላ በሳምንት ስንት ሲጋራ እንደሚያጨሱ ጽፈው ያስተያዩት። ቁጥሩ ከጨመረ ፊልተሩ ያስቀረውን በሌላ በር አስገብተውታል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጠባብ ቀዳዳ ያለው፣ ከሰል ያለው፣ ቁጥር የተጻፈበትም አየሁ። የትኛውን ልምረጥ? አንዱስ ለስንት ሲጋራ ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መጀመሪያ ውፍረቱን ይለኩ። መደበኛ ሲጋራ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስሊም የሚባለው ከ5 እስከ 6። ለመደበኛው የተሠራ ፊልተር ስሊም ላይ ይላላል፤ በጎን አየር ስለሚገባ ሲጋራውን አጥብቀው ይስባሉ፣ ሲጋራውም ሊወድቅ ይችላል። የጠበበውን በግድ ካስገቡት ደግሞ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቀስ እያሉ እያዞሩ ይግፉት፤ ሲያርፍ ያቁሙ።

“ላይት” በሚባሉ ሲጋራዎች ላይ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊልተራቸውን የጠቀለለውን ወረቀት ብርሃን ላይ ቢያዩት ዙሪያውን የተበሱ ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት። ጭሱን በአየር የሚያቀጥኑት እነሱ ናቸው። ተጨማሪው ፊልተር በላያቸው ከተሰካ ይደፍናቸዋል፤ በአንድ በኩል ያስቀረውን በሌላ በኩል ወፍራም ጭስ አድርጎ ይመልሰዋል።

ጠባብ ቀዳዳ ያለው የሚጣል ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ሲጋራ ይበቃዋል። መሳብ ሲከብድ ወይም አፍዎ ሲመርዎት ጊዜው አልፏል፤ ዝቃጩ ወደ ምላስ እየተጠጋ ነው። ቀዳዳውን በመርፌ አያስፉት። ፍጥነቱ ከጠፋ ጠብታው ግድግዳውን ስለማይመታ ፊልተሩ ባዶ ቱቦ ይሆናል። በፈላ ውሃ አጥቦ መልሶ መጠቀምም ፕላስቲኩን ያጣምመዋል።

ከሰል ያለው ከጋዞቹ አንዳንዶቹን ይይዛል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም። እርጥበት ስለሚያደክመው የተከፈተ ፓኮ ኪስ ውስጥ አይክረም። አንዱ ጫፍ ሴራሚክ ከሆነ ያ ጫፍ ወደ ሲጋራው፣ ፕላስቲኩ ወደ አፍ ይሁን።

ምን እንደተሠራበት ያልተጻፈበትን አይግዙ። ፊልተር ስለተባለ ብቻ ደህና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1956 አሜሪካ ውስጥ ይሸጥ የነበረው ኬንት ሲጋራ፣ ጤና ይጠብቃል በተባለለት ፊልተሩ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ አስቤስቶስ ነበረበት።

እኛ የምንመርጠው ቁጥር ያለውን ነው፤ ያውም ለማቆም ቀን ለቆረጠ ሰው። አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች አሉት፤ የተጻፈበት ቁጥር ከፍ ሲል የሚያስገባውም አየር ይጨምራል። አራት ሆኖ የሚመጣውን ከወሰዱ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ ቀዳዳውን በጣትም በከንፈርም አይሸፍኑ። የሲጋራው ቁጥር በዚያው መጠን ካልወረደ ግን ምንም አይሠራም። ከዚያ በኋላ የኒኮቲን ማስቲካ ካገኙ ከእንቅልፍ በነቁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨሱ ሰው 4 ሚሊ ግራሙን፣ ዘግይተው የሚጀምሩ 2 ሚሊ ግራሙን ይጠቀሙ። ጥቂት አኝከው ጉንጭዎ ውስጥ ያሳርፉት፣ ደግመው ያኝኩ፤ ለ30 ደቂቃ ያህል። ቡናም ለስላሳም ከ15 ደቂቃ በፊት ይቁም፤ ኒኮቲኑ በአፍ እንዳይገባ ያግዱታል። እርጉዝ ወይም የልብ ሕመምተኛ ከሆኑ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፊልተር ስላደረገ ቤት ውስጥ ቢያጨስ ልጆቹን አይጎዳም ይለኛል። እውነት ነው? (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

መልስ፦ አይደለም እህታችን። ከሚነደው ጫፍ የሚነሳው ጭስ በፊልተሩ በኩል አያልፍም፤ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል። መስኮት መክፈትም አይበቃም፤ ደጅ ወጥቶ ያጭስ። ያገለገለውን ፊልተር ደግሞ ልጅ ከሚደርስበት ያርቁ። ዝቃጩ ኒኮቲን አለው፤ በአፍም በቆዳም ይገባል። በላስቲክ ጠቅልሎ ክዳን ባለው ቆሻሻ መጣያ ይጣል፤ የነካው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ልጅ አፉ ውስጥ ከትቶት ካስመለሰው፣ ካላበው ወይም ከገረጣ ሳይዘገዩ ሆስፒታል ያድርሱት፤ ፊልተሩንም ይዘው ይሂዱ።