ጥያቄና መልስ፦ በአር ቋንቋ ጽሑፍ ውስጥ መስመር መስበር

ጥያቄዎቹ በአር (የመረጃ መተንተኛ የኮድ ቋንቋ ነው) መረጃ ከሚተነትኑ የጅማ አንባቢዎች የደረሱን ናቸው። «ባክስላሽ ኤን» ስንል ወደ ግራ ያዘነበለውን ጭረትና ትንሹን የላቲን ኤን ተከታትለው ማለታችን ነው፤ በአር አዲስ መስመር የሚያስጀምር ምልክት ነው። ፕሪንት፣ ካት፣ ኤንቻርና የመሳሰሉት የአር ትዕዛዞች ናቸው።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ)፦ በሁለት ቃላት መካከል ባክስላሽ ኤን አስገባሁ። መስመሩ አልተሰበረም፤ ምልክቱ እንዳለ ይታያል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። ጽሑፉን ያስቀመጡበትን ስም ጽፈው ኢንተር ሲጫኑ አር የሚያሳይዎ በፕሪንት ነው፤ ፕሪንት ደግሞ ጽሑፉን ኮድ ላይ እንደሚጻፈው አድርጎ ያወጣዋል። በካት ያውጡት፣ ይሰበራል። ከተጠራጠሩ ፊደላቱን በኤንቻር ይቁጠሩ። በ«ሀ»ና በ«ለ» መካከል እውነተኛ አዲስ መስመር ካለ 3 ይላል። 4 ካለ ጭረቱና ኤኑ እንደ ተራ ፊደል ተቀምጠዋል።

ጥያቄ፦ ከሲኤስቪ ፋይል (በነጠላ ሰረዝ የተለየ ሠንጠረዥ) ያነበብኩት ግን በካትም እንቢ አለ።

መልስ፦ 4 የሚለው ይኸው ነው። ሪድ ሲኤስቪ ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ባክስላሽ ኤን አይተረጉምም። በጂሰብ ይተኩት፦ የሚፈለገውን ኤን በሁለት ጭረት፣ በቦታው የሚገባውን ኤን በአንድ ጭረት ይጻፉ፣ መጨረሻ ላይ ፊክስድን (ፍለጋው ቃል በቃል እንዲሆን የሚያዘውን) ትሩ ያድርጉ። ፊክስድ ከተረሳ ጂሰብ እውነተኛ አዲስ መስመር ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ስህተት ሳይናገር ያልፋል። ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ (ከሕርማታ)፦ በባር ግራፌ ሥር «የሊሙ ኮሳ ወረዳ የታጠበ ቡና»ን የመሰሉ ረጃጅም ስሞች አሉ። ግማሾቹ ጭራሽ አይታዩም።

መልስ፦ ስሞቹ ሲነካኩ አር የተወሰኑትን ይዘላል። ስትርራፕን (ረጅም ጽሑፍ ቆራጩን) በዊድዝ (ስፋት) 12 ሲጠቀሙ ይህ ስም «የሊሙ ኮሳ ወረዳ» እና «የታጠበ ቡና» ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹ ግን ገና የተለያዩ ናቸው፤ በፔስት፣ ኮላፕሱን (ማገናኛውን) ባክስላሽ ኤን አድርገው ያጋጥሟቸው። ሁሉንም ስሞች ባንዴ ከሰጡት አንድ ረጅም ጽሑፍ ሆነው ይወጣሉ፤ ስለዚህ በሳፕላይ እያንዳንዱን ለየብቻ ያሳልፉ። ቀድመው በእጅ ያስገቡት ነጠላ መስበሪያ ካለም ስትርራፕ ያጠፋዋል። የሚቆርጠው ክፍት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ቃላቱ በሁለት ነጥብ (፡) ብቻ ከተለዩ አይነካቸውም። ቀጥሎ በፓር የታችኛውን ኅዳግ ከ5.1 ወደ 7 ያሳድጉ። የላይኛው መስመር ዘንጉን ከነካ ደግሞ በፓር የኤምጂፒን (ስሞቹ ከዘንጉ የሚርቁበትን ልክ) ሁለተኛ ቁጥር ከ1 ወደ 2 ይለውጡ።

ጥያቄ፦ የአማርኛ ርዕስ ስጽፍ «የማይታወቅ ምልክት» የሚል ስህተት ይመጣል።

መልስ፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ኤንን ሲጫኑ ከጭረቱ ቀጥሎ «ን» ይገባል፤ አር ያንን አያውቅም። መስበሪያውን አንድ ጊዜ በላቲን ኪቦርድ ጽፈው ስም ይስጡት፤ ከዚያ በፔስት0 በአማርኛ ቃላቱ መካከል ስሙን ያስገቡ።