ምን አለኝና ነው የማመሰግነው?

ልጆቼ፣ በዓል በደረሰ ቁጥር ከአንዳንዶቻችሁ ይህን ጥያቄ እሰማለሁ። አንዱ ሥራ አጥቷል፣ አንዷ እናቷን ቀብራለች፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር እንደተኳረፈ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ደግሞ ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ትሰሙና እምነት የጎደለው እናንተ ጋ ብቻ ይመስላችኋል።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በሂሳብ ሥራ ነው፣ በማውቀው ልናገር። ኪሳራውን የደበቀ መዝገብ ውሸት ነው። ገቢውን ትቶ ዕዳውን ብቻ የደረደረም፣ ሐቀኛ ቢመስልም፣ ያው ውሸት ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን «ምስጋና» ብለን እንጠራዋለን፤ ስንጎዳ ደግሞ ሁለተኛውን ይዘን እንቀመጣለን። እኔ የምላችሁ ሁለቱንም ጎን መዝግቡ ነው።

የጎደለውን ሳትፈሩ ተናገሩ። መዝሙር 13ን (በአንዳንዱ መጽሐፍ ቅዱስ 12 ነው) አንብቡት፤ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» ብሎ ይጀምርና በዝማሬ ይጨርሳል። መዝሙር 88 (በአንዳንዱ 87) ግን ጭራሽ በጨለማ ነው የሚያልቀው። ምስጋና የለበትም ብሎ ከመጽሐፉ ያወጣው ሰው የለም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የሐሙስ ማታው ነው። ጌታ አልፎ በሚሰጥባት ሌሊት እንጀራውን አንስቶ አመሰገነ። በዚያችው ሌሊት ጌቴሴማኒ ሄዶ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ አዘነች» አለ፣ ጽዋው እንዲያልፍለትም ለመነ። ምስጋናው የውሸት አልነበረም፣ ሐዘኑም ምስጋናውን አላፈረሰውም። እናንተ ላይ ሁለቱ አንድ ቀን ቢገናኙባችሁ ምን ያስደንቃል?

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈርም እ.ኤ.አ. የ1943ን ገና ያሳለፈው በርሊን ውስጥ ቴገል እስር ቤት ነው። ለእስረኛ ጓደኞቹ ጸሎት ጻፈላቸው። የጠዋቱ ጸሎት ውስጥ ብቸኝነቱንም ይናገራል፣ ሌሊቱን በሰላም ስላሳለፈም ያመሰግናል። እንዲህ ያለው ነው ለችግር ቀን የሚሆን ጸሎት።

አንድ የማልወደው ምስጋና አለ። «ከእኔ የባሰ ስንት አለ!» የሚባለው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በሰው መከራ ላይ ቆሞ ማመስገን ደስ አይለኝም። ሉቃስ 18 ላይ ያለው ፈሪሳዊ ጸሎቱን የጀመረው እኮ በምስጋና ነው፤ እንደ ሌላው ሰው ስላልሆንኩ አመሰግንሃለሁ አለ። ጸድቆ የተመለሰው ግን እሱ አይደለም።

ታዲያ በምን እንጀምር ትሉኝ ይሆናል። በትንሹና በተለየው ነገር ጀምሩ። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» ማለት ክፉ አይደለም፣ ግን አፍ ስለለመደው ልብ ሳይሰማው ያልፋል። በዚህ ዓመት ማን ሥራ ጠቆማችሁ? ሆስፒታል ማን አብሯችሁ አደረ? በስሙ ጥሩትና ስለ እሱ አመስግኑ፣ ከዚያ ለራሱም ደውላችሁ ንገሩት። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክከሎ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት፣ የሚያመሰግኑበትን ነገር በየሳምንቱ የጻፉ ሰዎች የሚያበሳጫቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ሐዘን ሁሉ በወረቀት ይድናል እያልኩ አይደለም። ግን መጻፉ አይጎዳም።

የገንዘቡን ነገር ሳልናገር ባልፍ ሙያዬ ይታዘበኛል። በዓልን በብድር አታክብሩ። ዮሴፍና ማርያም ሕፃኑን ይዘው ወደ መቅደስ ሲሄዱ ሉቃስ የሚጠቅስላቸው መሥዋዕት የዋኖስ ጥንድ ወይም የርግብ ጫጩት ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ይህ ለበግ አቅም ለሌለው የተፈቀደ ነበር። የበዓሉ ባለቤት ቤተሰብ በአቅሙ ከቀረበ፣ እኛ ሰው ምን ይለናል ብለን ለስጦታ የምንበደረው ለማን ብለን ነው? ለቤተሰብ «ዘንድሮ አልሞላልኝም» ብሎ መናገር መጀመሪያ ያሳፍራል፣ እውነት ነው። ከተናገራችሁት በኋላ ግን ይቀላል፤ ብዙ ጊዜ ሌላውም ይህንኑ ለማለት ፈርቶ ቆይቶ ነው የምታገኙት።

የተኳረፋችሁ ደግሞ በዓሉን ሰበብ አድርጉትና አጭር መልእክት ላኩ። መልስ ባይመጣም የእናንተን አድርጋችኋል።

ያዘነ ወዳጅ ካላችሁ ምስጋና አታስተምሩት። ጳውሎስ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ነው ያለው። ሄዳችሁ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ስለ ሟቹ ማውራት ከፈለገ ያውራ። ከተቻላችሁ በበዓሉ ማግስት ሂዱ፤ የበዓሉ ዕለት ሌላም ጠያቂ አያጣም።